የተሰነጠቀ ዋሽንት በምን ይደፈን? ሰም፣ ሱፐር ግሉ፣ ቴፍሎን ወይስ ናስትሮ

ጥቅምት ሲገባ ጎጃም ውስጥ ዋሽንት ያለው ሰው ዋሽንቱን አገላብጦ ማየት አለበት። ክረምቱን እርጥበት ሲጠጣ የከረመ ቀርከሃ በፀሐይና በነፋስ መድረቅ የሚጀምረው ያኔ ነው። የውጭው ቅርፊት ጠጣር ነው፤ የውስጡ ለስላሳ ነው። ስለዚህ እኩል አይኮማተሩም። በዚያ ላይ የነፊው ትንፋሽ ውስጡን ያረጥበዋል፣ ውጩ ይደርቃል። ከደብረ ማርቆስ ብርድ ተነስቶ ዓባይ በረሃ የወረደ ዋሽንት ደግሞ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያየዋል። በቁመቱ ቢሰነጠቅ አይገርምም።

ስንጥቅ ያለው ዋሽንት መጀመሪያ የሚከዳው በወፍራሙ ድምፅ ነው። አራቱንም ቀዳዳ ዘግታችሁ ስትነፉ ድምፁ አልቆም ካለ፣ ወይም ሾልኮ ወደ ቀጭኑ ከዘለለ፣ አየር እየወጣ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ የታችኛውን ጫፍ ጉልበታችሁ ላይ ጥብቅ አድርጉ፣ ቀዳዳዎቹን በጣት ድፈኑ፣ ከላይ አየሩን ሳቡ። ደህና ከሆነ ከንፈራችሁ ጫፉ ላይ ይጣበቃል። ካልተጣበቀ አጠገባችሁ ያለ ሰው ስንጥቁ ላይ ውሃ ይቀባላችሁና ቀስ ብላችሁ ንፉ። አረፋ የሚያወጣው ቦታ እሱ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ይበልጥ ይጠነክራል?» የሚል ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ጥገናው ሲያረጅ ዋሽንቱን ሳይጎዳ ይፈታል ወይ? ቀርከሃ በየዓመቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ዘንድሮ የደፈናችሁትን ከርሞ እንደገና መንካታችሁ አይቀርም።

በዚህ ሚዛን የንብ ሰምን የሚያህል የለም። የጎጃም ሰው ደግሞ ሰም ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ጠጅ ቤት ሰፈፍ አለ። ሰፈፉን በውሃ አፍልታችሁ በጨርቅ ካጠለላችሁት፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ሥራ አለው፣ ቤቱንም ሽታ ይሞላዋል። ጊዜ የሌለው የተጣራ ሰም ይግዛ፤ ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች የት እንደሚገኝ ያውቃሉ። ስትገዙ አሽቱት፣ ስበሩት። ንጹሕ ሰም ማር ማር ይሸታል፤ በብርድ ሲሰበር ስብራቱ ደብዘዝ ያለና ሻካራ ነው። እጅ ላይ ቅባት የሚተው ከሆነ ሞራ ገብቶበታል። ነጣ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍና ሽታ የሌለው ከሆነ ደግሞ የሻማ ፓራፊን ነው፤ ዋሽንት ላይ ተፈርፍሮ ይወድቃል።

ሰም ብቻውን ግን አየር ይዘጋል እንጂ ስንጥቁ እንዳይሰፋ አይዝም። የሚይዘው ክር ነው። እዚህ ላይ የጥጥ ፈትል ከልብስ ሰፊው ክር ይሻላል። አብዛኛው የስፌት ክር ፖሊስተር ስለሆነ ሰሙን አይጠጣም፣ ያንሸራትታል። ፈትል ይጠጣል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። ጅማት የሚመርጡም አሉ፤ ርሶ ተጠምጥሞ ሲደርቅ አጥብቆ ይይዛል። ለወፍራም ቀርከሃ ጥሩ ነው። ለቀጭን ሸምበቆ ግን አልመክረውም፤ ሲኮማተር ሊያደቀው ይችላል።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ሰሙን በጣታችሁ እያሻችሁ አለስልሱትና በአውራ ጣት ጥፍር ወደ ስንጥቁ ግፉት። የተረፈውን ጥረጉ። ፈትሉን በሰሙ ላይ ጎትታችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉት፤ ጣት ላይ ሙጭጭ ሲል ደርሷል። የክሩን አንድ ጫፍ በቁመት አስተኝታችሁ በላዩ ላይ ጠምጥሙ። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ይንካ። ጥምጥሙ ስንጥቁን ከሁለቱም በኩል ትንሽ ይለፈው፣ የጣት ቀዳዳ ግን አይሸፍን። ሲጨርሱ ውስጡን ዘንግ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ ማጽዳት ግድ ነው። ወደ ውስጥ የገባ የሰም ጉብታ ድምፁን ያበላሻል።

ሰም ድክመት አለው፤ ሙቀት አይችልም። የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ መለስለስ የሚጀምረው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። መኪና መስኮት ሥር የተተወ ዋሽንት ጥምጥሙ ይላላል።

ሱፐር ግሉ ከየሱቁ ይገኛል፣ ፈጣን ነው። ፀጉር ለምትመስል ስንጥቅ፣ ቀርከሃው በደንብ ደርቆ ከሆነ፣ ጠብታዋ ራሷ ሰርጋ ትገባለች። ለዚህ ለዚህ እኔም እቀበለዋለሁ። ለሰፊ ስንጥቅ ግን አይሁን። ሲደርቅ ብስኩት ይሆናል፤ ቀርከሃው ሲያብጥ እሱ አብሮ አይሄድም፣ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል። ያኔ መፍታት የለም፣ መፋቅ ብቻ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሱፐር ግሉን ጥጥ ክር ላይ አታፍስሱ። ከጥጥ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይሞቃል፣ ያጨሳል፣ ጣት ያቃጥላል። ጭሱም ዓይን ይለበልባል።

ቴፍሎን ቧንቧ ሠራተኛው የሚጠመጥመው ነጩ ጥቅል ነው። ሙጫ የለውም፣ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ስንጥቅ አይዝም። ቦታው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ለጉዞ እንዲመች ለሁለት ተቆርጦ የሚገጣጠም ዋሽንት ካላችሁ፣ ወይም ክላርኔታችሁ ቡሹ አልቆ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ዙር ቴፍሎን ዝግጅቱን ያሻግራችኋል። እርጥበት ስለማይጠጣ አያብጥም፣ ተጣብቆ አይቀርም። ለዘለቄታው ግን መገጣጠሚያም ቢሆን ሰም የጠጣ ክር ይሻለዋል። የስኮትላንድ ባግፓይፕ ነፊዎች የእንጨት ቱቦዎቻቸውን የሚያገጣጥሙት ሄምፕ ከሚባል ተክል ቃጫ በተፈተለ፣ ሰም በጠጣ ክር ጠምጥመው ነው። አንዳንዶቹ ቴፍሎን ይጨምሩበታል። ልኩን ለማስተካከል ጥቂት ዙር ይፈታሉ ወይም ይጨምራሉ፤ እንጨቱ አይነካም። የኛው ፈትልና ሰም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ናስትሮ? ሠርግ ላይ መሃል ዘፈን ቢሰነጠቅባችሁ ብቻ። ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይወጣል፣ ሰምም በዚያ ላይ አይዝም። ማታውኑ አንሱት።

ከጥገናው በኋላ ቅባት ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ አይዛባ። ቅባት የነካው ቀርከሃ ላይ ሰም አይጣበቅም፤ መጀመሪያ ድፈኑ፣ ከዚያ ቀቡ። ቫዝሊን ሰሙን ስለሚያለሰልስ ይቅር። ቅቤ ይሻግታል፣ አይጥ ይጠራል። የኑግና የተልባ ዘይት ግን አየር ሲያገኛቸው ስለሚደርቁ ቀርከሃው ላይ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ኑግ ጎጃም ውስጥ ሞልቷል፤ ተልባ ቶሎ ይደርቃል። አንዱን ምረጡና በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ውስጡንም ውጩንም አብሱ። ጥምጥሙን ዝለሉት። ጥላ ሥር ደህና እስኪደርቅ አትንፉ። የተልባ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።