ሰኔ መጨረሻ ላይ ለደረሰችልን ባለሙያ

ሰኔ መጨረሻ ለሒሳብ ክፍል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የመድኃኒት አስመጪ ድርጅታችን መዝገብ በሚዘጋበት ሳምንት፣ የሰርቨሮቻችን ማከማቻ ሊሞላ መቃረቡን የሚያሳይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ከሞላ የሒሳቡ ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሮቹ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራው ኮምፒውተር) ባለበት ቀጥ ይላል። ቀደም ሲል ያማከርነው ሰው «የማከማቻ ፖሊሲውን ከመንትያ ቅጂ ወደ ሬይድ 5 ለውጡት፣ ቦታ ይተርፋችኋል» ብሎን ነበር። መንትያ ቅጂ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ያስቀምጣል፤ ሬይድ 5 ግን ለሦስት እጅ ዳታ አንድ እጅ መጠገኛ ብቻ ጨምሮ በሰርቨሮቹ ላይ ይበትነዋል። ስለዚህ በዚያው ምሽት ልለውጠው ተነሣሁ።

ደግነቱ አንድ ወዳጄ ይህችን ባለሙያ ጠቆመኝ። ስደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጋሼ፣ ማሽኑ ላይ ስናፕሾት አለ?» ብላ ነው። ስናፕሾት ማሽኑን በኋላ ወደነበረበት ቅጽበት ለመመለስ የሚወሰድ ነው። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው እስክመጣ ምንም እንዳይነኩ» አለችኝ።

መጥታ ስታይ፣ ጥር ላይ የሒሳብ ፕሮግራሙ ሲታደስ ተወስዶ የተረሳ ስናፕሾት ተገኘ፤ በላዩም ሁለት ተደርበዋል። የሶፍትዌሩ ሠሪ ቪኤምዌር አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፤ የእኛ አምስት ወር ከርሟል። እኛማ እንደ መጠባበቂያ ቅጂ ቆጥረነው ነበር! ስናፕሾት ግን ከተወሰደ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ለብቻ የሚመዘግብ ፋይል ነው፤ ዋናው ዲስክ ከተበላሸ እሱም አይረባም።

ከዚያ ወረቀት አውጥታ በእርሳስ አሰላችልኝ። ዋናው ዲስክ 600 ጊጋባይት፣ ስናፕሾቶቹ 300፤ ሁሉም በሁለት ቅጂ ስለሚቀመጥ 1,800። በቪሳን (የሰርቨሮቹን ዲስኮች እንደ አንድ ማከማቻ በሚያጣምረው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ላይ ስናፕሾት የዋናውን ዲስክ ፖሊሲ ስለሚወርስ፣ ፖሊሲው ሲለወጥ ሰንሰለቱ በሙሉ እንደ አዲስ ይገነባል፤ አሮጌው የሚለቀቀው አዲሱ ካለቀ በኋላ ነው። የእኛ 900 ጊጋባይት በሬይድ 5 ሲገነባ 1,200 ክፍት ቦታ ይፈልጋል። የቀረን 1,000 ገደማ ነበር። ቁጥሩን በእርሳሷ ስትከብበው ላብ አጠመቀኝ።

ሥራዋ ጥድፊያ የለበትም። መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ መለሰች፤ የሒሳብ ኃላፊያችን ከፍታ የሰኔን ደረሰኞች በዓይኗ እስክታይ ድረስ ሌላውን አልነካችም። ማታ ሠራተኛ ሲወጣ ስናፕሾቶቹን አንድ በአንድ ወደ ዋናው ዲስክ አዋሐደቻቸው፤ 600 ጊጋባይት ተለቀቀ። ፖሊሲውን የለወጠችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ግንባታው እስኪያልቅም ሌሊቱን ከማሽኑ ፊት አልተነሣችም። ዛሬ ያ ማሽን የያዘው 800 ጊጋባይት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ግን የማይጥመኝንም ስለነገረችኝ ነው። ያለን አራት ሰርቨር፣ በእኛ ዓይነቱ ቪሳን ለሬይድ 5 የመጨረሻው ትንሹ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል እንጂ የጎደለውን መልሶ መገንቢያ ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚጻፍበትን የሽያጭ ማሽን በመንትያ ቅጂው እንድንተወው መከረችን። አዲስ ዲስክ ግዙ አላለችም፤ የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ ከመዞርም አዳነችን።

እኅቴ፣ እጅሽ ይባረክ። የሒሳብ መዝገባችን በቀኑ ተዘግቷል።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ቃሏን አከብራለሁ። ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እስከዚያው ፖሊሲውን አትንኩ፤ ስናፕሾት መኖር አለመኖሩን ብቻ እዩ።