ተጠንቀቁ፦ የፒክአፕ አክስል «አጠንክረናል» ሲሏችሁ ሆዱን አስከፍታችሁ እዩ

ሰላም ለናንተ። ይህን የምጽፈው ሂሉክስ ላላችሁ፣ በተለይ በሰሜን ሸዋ ዳገትና ቁልቁለት ላይ እንጀራ ለምትበሉ ነው። የኋላ አክስልህ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው ክፍል) ይጠንክር ተብዬ 85,000 ብር ተበልቻለሁ። ብሩስ ይቅር። ከጣርማ በር ቁልቁል ስወርድ ግን ፍሬን ከድቶኝ ነበር።

ነገሩ ከሞተር ይጀምራል። መኪናዬ የድሮው ሂሉክስ ነው፣ ደብል ጋቢና፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። የመጣበት ሞተር 2,800 ሲሲ ናፍጣ ነበር፣ «ስሪ ኤል» የሚባለው። አይከዳም፤ ግን ቱርቦ (አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) የለውም። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ እዚህ ጭሱ እንጂ ጉልበቱ አይታይም። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደብረ ሲና ስወጣ የጭነት አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈኝ ነበር። ሰለቸኝ። እንደ ብዙዎቹ እኔም ዋን ኬዜድ አስገጠምኩ፤ 3,000 ቱርቦ ናፍጣ።

በሞተሩ ቅሬታ የለኝም። በደንብ ይሠራል፣ ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ተስተካክሏል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የገጠመልኝ ጋራዥ ባለቤት፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር የኋላ አክስልህን ይበላዋል። ሳይሰበር እናጠንክረው» አለኝ። የሚያናድደው ምክሩ ውሸት አለመሆኑ ነው። ዋን ኬዜድ የሚያሽከረክርበት ኃይል ከድሮው ሞተር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ጭነት ይዛችሁ በከባድ ማርሽ ዳገት ስትነሱ ያ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው ዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሃል ሆኖ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው) ውስጥ ባሉት ጥርሶች ላይ ነው። ሰውዬው እውነት ተናግሮ ውሸት ሸጠልኝ።

የተስማማነው እንዲህ ነበር። የቱርቦ መኪና ዲፈረንሻል ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይመጣል። ኩሽኔታውና የዘይት ሲሉ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ቀለበት) አዲስ ይሆናል። የአክስሉ ቤት ደግሞ ከታች ወፍራም ላሜራ ይበየድበታል። አንድ ባሌስትራ በምርቃት ይጨመራል። ዋጋው የተጻፈው የዘይት ፊልትሮ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። አዎ፣ ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሳቁብኝ።

በአምስተኛው ቀን መኪናውን ተረከብኩ። አክስሉ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሙሽራ መስሏል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ብየዳውን ዳበስኩ፣ ከፈልኩ፣ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት አዲስ አበባ ስገባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው። ቆጣሪዬ ግን 117 አለ። የቆጣሪው ገመድ አርጅቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ከ60 በላይ ሄጄ ነዳጅ ስለቅ ከኋላ ዋይ ዋይ የሚል ነገር ይሰማል። «አዲስ ጥርስ እስኪላመድ ነው» ተባልኩ። ሦስተኛው ከጣርማ በር ወደ መዘዞ ስታጠፉ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጭቃ ስለነበር የፊቱም ጎማ እንዲጎትት አስገባሁት። ጭቃው እስኪያልቅ ሰላም ነው። ደረቁን መሬት ስንረግጥ መኪናው ተግተርትሮ አልሄድ አለ፣ የፊቱን ጎማ የማስገባበት ዘንግም አልነቀል አለኝ። ወደ ኋላ ትንሽ ሄጄ ነው በመከራ የለቀቀው።

አራተኛው ያው የነገርኳችሁ ነው። ገብስ ጭነን ወደ ሸዋ ሮቢት እንወርዳለን። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ዋሻ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ድረስ ይምዘገዘጋል። ደብረ ሲና ሳንደርስ ፍሬኑ መላላት ጀመረ። የተቃጠለ ሽታ መጣ። በአንደኛ ማርሽ ይዤ እንደምንም ዳር አወጣሁት። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። መኪናው አሁንም ይንሸራተታል! ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ታኮ ባያደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላችሁ። የኋላ ጎማዎቹን ውስጥ ስናይ በዘይት ታጥበዋል። የፍሬን ሸራው ዘይት ጠጥቷል። የማቆሙ ሥራ ሁሉ በፊቱ ላይ ወድቆ እሱም ግሎ ደክሟል።

ደብረ ብርሃን ስመለስ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። የሂሉክስ ዲፈረንሻል ለማየት ይመቻል። ወደ ጎማ የሚወጡትን ሁለት ዘንጎች ሳብ አድርገው፣ አሥሩን ዳዶ ፈትተው፣ ሆድ ዕቃውን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ አወጡት። «ቁጠር» አሉኝ። ትልቁ ጥርስ፣ ኮሮናው፣ 41። ትንሹ፣ ፒኞኑ፣ 10። ከዚያ የፊቱን ከፈቱ። 41 እና 9።

በአንዲት ጥርስ ነው የተበላሁት። 41 ለ9 ሲካፈል 4.56 ይመጣል (ጎማው አንዴ ሲዞር ከሥር ያለው ረጅም ዘንግ ይህን ያህል ይዞራል)፣ 41 ለ10 ደግሞ 4.10። ልዩነቱ 11 በመቶ ነው። የፊቱና የኋላው እኩል ካልሆኑ አራቱም ጎማ ሲያያዝ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ጭቃ ላይ ጎማ ስለሚንሸራተት አይታወቅም፤ ደረቅ ላይ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ያንቀዋል። የቆጣሪዬም 13 ኪሎ ሜትር የጠፋው እዚያ ነው። የቆጣሪው ገመድ የሚነሳው ከካምቢዮ በኩል እንጂ ከጎማ አይደለም።

ገና አላለቀም። እውነተኛው የቱርቦ ዲፈረንሻል መሃሉ ላይ አራት ትንንሽ ጥርሶች አሉት፤ ተራው ሁለት። ኩሽኔታዎቹም ይተልቃሉ፣ ቤቱም ላይ እንደ ጎድን አጥንት የወጡ ተጨማሪ መደገፊያዎች አሉ። የኔው ሁለት ጥርስ ነው። ማለትም ከነበረኝ የማይሻል፣ ምናልባትም የባሰ ያገለገለ ዕቃ ነው በቱርቦ ስም የተገጠመልኝ። የነበረኝ ወዴት እንደሄደ ስጠይቅ «ስካርቶ ነበር፣ ተጣለ» ተባልኩ። ይጣላል እንዴ?

ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ነበር። ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አንድ ላይ የተላመዱ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ከሌላ አምጥቶ ማጋባት አይቻልም። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተትም ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በመለኪያ እንጂ በእጅ አይታወቅም። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። ፒኞኑ ላይ የምትገባ የምትጨማደድ ቀለበትም አለች። አንዴ ከተጨማደደች በአዲስ መቀየር አለባት። የኔዋ አልተቀየረችም። ዋይታው ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ።

ወደ ብየዳው ልምጣ፣ ምክንያቱም ሊገድለኝ የነበረው እሱ ነው። የአክስሉ ቤት ቱቦ ነው። በአንድ በኩል ብቻ አግላችሁ ስትበይዱበት ሲቀዘቅዝ ወደዚያው ወገን ይጎብጣል። ሽማግሌው ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈው ጉብጠቱን አሳዩኝ፤ በዓይን ይታያል። ቤቱ ሲጎብጥ ዘንጉ ሲሉን በአንድ ጎን ያሻዋል፣ ሲሉ ያፈሳል፣ ዘይቱ ፍሬን ሸራ ላይ ይሄዳል። ብየዳ ሁሉ ሌብነት ነው አልልም። ማሰሪያ ላይ ወጥሮ፣ እያፈራረቀ፣ እያቀዘቀዘ የሚሠራ ሰው አለ። የኔው ግን መኪናው ላይ እንዳለ፣ ተኝቶ ነው የበየደው። ባሌስትራውንም ተዉት፤ መኪናውን ከፍ አደረገው እንጂ አክስሉን አልረዳውም።

እናንተ ምን ታድርጉ? ከመክፈላችሁ በፊት ዲፈረንሻሉ ጠረጴዛ ላይ እያለ ጥሩኝ በሉ። በራሳችሁ ጣት ጥርሱን ቁጠሩ፣ አራቱን ትንንሽ ጥርሶች እዩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከተገጠመ በኋላ ከሆነ የምትደርሱት፣ የኋላውን በክሪክ አንሱ፣ የፊቱን ታኮ አድርጉ፣ ማርሹን አውጡ። ሁለት ሰው ሁለቱን ጎማ እኩል አሥር ዙር ያዙር፤ ሦስተኛው ከሥር ያለውን ረጅም ዘንግ ይቁጠር። 41 ዙር ከሆነ 4.10 ነው፣ 45 ተኩል ከሆነ 4.56። የፊቱ ስንት እንደሆነ ካወቃችሁ አበቃ። አሮጌው ዕቃችሁም የናንተ ነው፣ ተቀብላችሁ ሂዱ።

ደረሰኝ ደግሞ ለምኑት ሳይሆን ጠይቁት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለናንተም ነው የወጣው። ላዩ ላይ «የአክስል ሥራ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ። የጥርሱ ቁጥር፣ ባለ አራት መሆኑ፣ ምን ምን እንደተቀየረ ይጻፍ። እኔ ካርቶኑን ይዤ ሰውዬው ዘንድ ብመለስ፣ «ከጋራዥ ከወጣ በኋላ ምን እንዳደረግከው በምን አውቃለሁ?» ብሎ መለሰኝ። ብሬ እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን ሌላ የአክስል ቤት፣ ባለ አራት ትንንሽ ጥርስ ዲፈረንሻል፣ 41 ለ9 ገጥሜያለሁ። ቆጥሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ወርጄ ነበር፤ ቆጣሪው 130 ሞላ።