የጥገና ቡድን ሥልጠና፦ ማሽኑ አጠገብ ወይስ ማሠልጠኛ ማዕከል?

ማሽን ቆሞ ምርት ሲስተጓጎል ሁሉም «ልጆቹ ይሠልጥኑ» ይላል። ክርክሩ የሚነሳው የት ይሠልጥኑ ሲባል ነው።

ወጪ፦ ማዕከል መላክ ክፍያ፣ ጉዞና አበል አለው፤ ሰውየውም ከፈረቃ ይጎድላል። ማሽኑ አጠገብ ማሠልጠን ርካሽ ይመስላል። ግን አሠልጣኙ ብዙውን ጊዜ ምርጡ ቴክኒሻን ነው፤ የእሱን ሰዓት ማንም ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም እንጂ ውድ ነው።

ይዘት፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የንዝረት ትንተና (የማሽኑን መንቀጥቀጥ ለክቶ ብልሽትን ማወቅ) አይኤስኦ 18436-2 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት አራት የብቃት ደረጃዎች ወጥተውለታል፤ በሻይ ሰዓት አይለመድም፤ ማዕከል ይሻላል። ግሪስ መሙላትስ? ብዙ ሰው «ትንሽ ልጨምርለት» እያለ ቤሪንጉን (ዘንጉ ያለ ብዙ ሰበቃ እንዲሽከረከር የሚደግፈውን ክፍል) ያጨናንቀዋል። ግሪስ ሲበዛ እዚያው ይታመሳል፣ ይግላል፣ ማሸጊያውን (ሲሉን) ገፍቶ ይወጣል። ይህን በስላይድ ከማየት፣ የሙቀት መለኪያ ይዞ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ቁጥሩ ሲወጣ ማየት ይበልጣል።

ስጋት፦ ማሽኑ አጠገብ የነባሮቹ ስህተትም አብሮ ይወረሳል። በመዶሻ ቤሪንግ የሚገጥም ሰው ሌላውንም መዶሻ ያስይዛል። ከማዕከል የተመለሰው ደግሞ ሰርተፍኬቱን ይዞ ሌላ ሥራ ሊፈልግ ይችላል።

ታዲያ ብልሽቱ ከቅባት፣ ከጽዳት፣ ከብሎን መላላት የሚመጣ ከሆነ ማሽኑ አጠገብ አሠልጥኑ፤ ኦፕሬተሮቹንም ጨምሩ። ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) ወይም ንዝረት ትንተና ከሆነ ሁለት ሰው ወደ ማዕከል ላኩ። አንድ ብቻ ከላካችሁ እሱ ፈቃድ የወጣ ቀን ማሽኑ ይቆማል።