«የኋላ እግር ኪት» የሚሏችሁን ከሥር ሳታዩ አትክፈሉ

የአዳማ መኪና ወዳጆች፣ በተለይ የድሮ ሙስታንግ፣ ካማሮ ወይም ሌላ ባለ ትልቅ ሞተር የአሜሪካ መኪና ያላችሁ፣ ይህችን አንብባችሁ እለፉ። «ትራክሽን ኪት» ወይም «የኋላ እግር ኪት» የሚባል ዕቃ በቴሌግራም እየዞረ ነው። እግር የሚሉት መኪናውን ጎማው ላይ የሚያስቀምጠውን የባሌስትራና የአሞርዛተር ክፍል ነው። የኋላ ጎማ መሬት እንዲይዝ ያደርጋል ይላሉ። አያደርግም። ጭራሽ የነበረውንም ያሳጣል።

እኔ ዕቃውን ያየሁት ጎረቤቴ መኪና ላይ ነው። ጋሼ የ1969 ሥሪት ሙስታንግ አላቸው። ለሰርግ ያከራዩታል። ጥርና ሚያዝያ ላይ ቅዳሜና እሁድ ቆሞ አያውቅም። ችግሩ ነዳጅ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ነው። የኋላ ጎማው ባዶውን ይዞራል፣ ከዚያ ኋላው ድው ድው እያለ ይዘላል። ሙሽራ አስቀምጦ እንዲህ መዝለል ደግሞ ደስ አይልም። ልጃቸው ማስታወቂያውን አየ፣ ሻጩ ቤት ድረስ መጣ፣ 48 ሺህ ብር ተከፈለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ውድድር ላይ የሚሠራበት ነው፣ አያስቡ» አላቸው። ደረሰኝ የለም።

መኪናው ሲመለስ ኋላው ከፍ ብሏል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ነዳጅ ሲረገጥ ዝላዩ ባሰ። ከሥር ገብቼ ሳየው ገባኝ።

ኪት የተባለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ባሌስትራውን፣ ማለትም የኋላውን ክብደት የሚሸከመውን የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ ከኋላ በኩል ከሻንሲው ጋር የሚያንጠለጥለው ሻክል ነው። ዋናውን አውጥተው ከላሜራ የተቆረጠ ረጅም ሻክል አስገብተዋል። ሁለተኛው ከሌላ መኪና የተፈታ ወፍራም የባሌስትራ ቅጠል ነው። ሦስተኛው «ትራክሽን ባር» የተባለው ነው። ቱቦላሬ ቆርጠው፣ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቀደደ ቁራጭ አስረው፣ ቀይ ቀለም ቀብተውታል። ቀለሙ ላይ አልሰሰቱም።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህን የተረዳ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ሞተሩ ጎማውን ወደፊት ሲያዞር፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የያዘው አክሱል ራሱ በተቃራኒ መዞር ይፈልጋል። አክሱሉ መሃል ያለው፣ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል። ባሌስትራ ባለው መኪና ይህን የሚከለክለው ባሌስትራው ብቻ ነው። ጉልበቱ ሲበዛበት ይጠመዘዛል፣ የኤስ ቅርፅ ይይዛል። ከዚያ ይስፈነጠርና ይመለሳል። እንደገና ይጠመዘዛል። ጎማው መሬት ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ዝላዩ ይሄ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ አክሱሉ እንዳይጠመዘዝ የሚይዝ ነገር ነው። ከፍታ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

እንግዲህ የኪቱን ሦስት ነገሮች በዚህ ሚዛን እዩዋቸው። ረጅሙ ሻክል አክሱሉን አይዝም። ኋላውን ከፍ ያደርጋል፣ ባሌስትራውን ያዘነብላል፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አቅጣጫ ይቀየራል፣ ክሮቼራው (ከሞተር ጉልበት የሚያመጣው ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ከለመደው አንግል ይወጣና መንቀጥቀጥ ይመጣል። የፊት መብራቱም አስፋልቱን ማየት ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሻክል በረዘመ ቁጥር ኋላው ወደ ጎን የመወዛወዝ ነፃነት ያገኛል። አዳማ ንፋስ ተርባይን የተተከለበት አገር ነው። ያን ንፋስ ከጎን ይዛችሁ ፍጥነት መንገዱ ላይ ስትወጡ ትርፉ ይገባችኋል።

ወፍራሙ ቅጠል ትንሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ባሌስትራው ሲጠነክር መጠምዘዙ ይቀንሳል። ግን ጭነት ለመሸከም የተሠራ ቅጠል ለባዶ ኩፔ መኪና በጣም ደረቅ ነው። ጎማው የመንገዱን ጉድጓድ መከተል ትቶ ከላዩ ይዘላል። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለው አስፋልት ላይ ላይታወቅ ይችላል። ወደ ሶደሬ ስትወርዱ ግን ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ባሩ ላይ ቆም ልበል። ሻጩ ግማሹን እውነት ተናግሯል። ስላፐር ባር የሚባል ዕቃ በእርግጥ አለ፣ የድሮ ባለ ባሌስትራ መኪናዎች ላይ ለብዙ ዓመት ተሠርቶበታል፣ ርካሽም ነው። ከአክሱሉ ሥር ከባሌስትራው ጋር በዩ ቦልት ይታሰራል፣ ወደፊት ይዘረጋል። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ የባሌስትራው የፊት ዓይን፣ ማለትም ቡሎኑ የሚገባበት ክብ፣ ልክ ከሥሩ መሆን አለበት። ነዳጅ ሲረገጥ ጎማው እዚያ ይነካና አክሱሉ ከዚያ በላይ እንዳይዞር ይከለክላል። ቁም ነገሩ ያ ቦታ ነው። የጋሼ ባር ግን አጭር ነው። ጎማው የሚመታው ባሌስትራውን ወገቡ ላይ ነው። ስለዚህ አክሱሉን ከመያዝ ይልቅ ቅጠሉን መሃሉ ላይ ይሰብራል። ይህ ሳያንስ ጫፉን እንዳይንቀሳቀስ ብለው ቅጠሉ ላይ በየዱት። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በሙቀት አሠራሩ ነው። ብየዳ ሲያርፍበት ያ ጥንካሬ ይጠፋል፣ ከዚያ ነጥብ ይሰነጠቃል። ባሌስትራ ላይ የሚበይድ መካኒክ ካያችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ማስታወቂያው ላይ «ለሁሉም መኪና የሚሆን» የሚል አለ። ይህ ብቻውን በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከ1964 እስከ 1973 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ያሉት ሙስታንጎች ኋላቸው ባሌስትራ ነው። ከ1979 ጀምሮ ያሉት ግን ሞላ (የተጠቀለለ ሽቦ) ናቸው። ከ2015 ወዲህ ያሉት ደግሞ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ከ1964 እስከ 1972 ያለው የሼቭሮሌት ሼቬል ሞላና አክሱሉን የሚይዙ አራት ክንዶች ነው ያለው፣ ባሌስትራ የለውም፣ መፍትሔውም የተጠናከረ ክንድ ነው። የክራይስለር መኪናዎች ባሌስትራ ቢኖራቸውም አክሱሉ ወደፊት ቀርቦ ነው የተቀመጠው፣ አጭሩ የፊት ግማሽ ራሱ መጠምዘዝን ይቋቋማል። ታዲያ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ቱቦላሬ እንዴት ይሆናል?

አምራቾቹም ችግሩን ያውቁት ነበር። ካማሮ በ1967 ሲወጣ ሁለቱም የኋላ አሞርዛተሮች፣ ማለትም ዝላይ የሚያበርዱት ዘይት ያለባቸው ቱቦዎች፣ ከአክሱሉ ፊት ነበሩ። በ1968 አንዱን ወደ ኋላ አዛወሩት፣ ዝላዩን ለመቀነስ። ፎርድም ኃይለኞቹ ሙስታንጎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። ማለት የፈለግኩት አሞርዛተር የዚህ ጉዳይ ዋና ተዋናይ ነው። የጋሼ አሞርዛተሮች ግን ዘይት እያፈሰሱ ነበር። ያን ሁሉ ብር የተቀበለው ሰው ቀና ብሎ አላያቸውም።

ጎማውንም አላየም። ጎማ ጎን ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ቀጣዮቹ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጆች። የጋሼ የኋላ ጎማ 3211 ይላል። 2011፣ 32ኛ ሳምንት። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ሰርግ ብቻ ስለሚሄድ አላለቀም። ግን በአዳማ ፀሐይ ደርቆ ፕላስቲክ ሆኗል። ንፋሱ አስፋልቱ ላይ የሚያለብሰው አሸዋ ሲጨመርበት እንኳን ሙስታንግ ባጃጅም አይዝበትም። ዓለም ላይ ያለ ባር ሁሉ ቢታሰር የደረቀ ጎማ መሬት አይዝም።

ስለዚህ ገንዘብ ልታወጡ ከሆነ ከጎማ ጀምሩ። ቀጥሎ የባሌስትራውን ጎሚኒዎች (ዓይኑ ውስጥ የሚገቡትን የጎማ ቁራጮች) አስፈትሹ፣ ካለቁ አስቀይሩ፣ ብዙ ወጪ የለውም። ዩ ቦልቶቹን አስጠብቁ፣ የተሰነጠቀ ቅጠል ካለ አስቀይሩ። ከዚያ አሞርዛተር። እነዚህ ተሟልተው አሁንም ከዘለለ ያን ጊዜ ስለ ባር ማውራት ይቻላል። ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራ ይሁን። ከስላፐር ባር የተሻለው ካልትራክ የሚባለው ነው፣ ፊት ለፊት የሚወዛወዝ ቁራጭ አለውና የአክሱሉን መዞር ባሌስትራውን ወደ ታች ወደሚጫን ጉልበት ይለውጠዋል። ውድ ነው። ለሰርግ መኪና ያስፈልጋል ወይ ብትሉኝ፣ አያስፈልግም እላለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አንድ ጎማ ብቻ የሚሽከረከር ከሆነ ጉዳዩ እግር ላይሆን ይችላል። የፊት ጎማዎቹን አስደግፉ፣ ኋላውን በክሪክ አንስታችሁ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላኛው በተቃራኒ ከዞረ ዲፈረንሻሉ ተራ ነው፣ ጉልበቱን የሚልከው ወደ ቀለለው ጎማ ነው። ይህን ባር አይፈታውም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና ማሳመር እንደጨመረ አያለሁ። ደስ ይላል። ግን ሻጮቹም ያውቁታል። ትክክለኛው ዕቃ በዘመድ ሻንጣ ነው የሚመጣው፣ ጊዜ ይወስዳል። «ዛሬውኑ እንግጠምልህ» የሚለው ያን መጠበቅ ያቃተውን ሰው ነው የሚያጠምደው።

ጋሼ ዕቃውን ለመመለስ ደውለው ነበር። «ተጠቅመውበታል፣ ቀለሙ ተፍቋል» ተባሉ። ደረሰኝ ስለሌለ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው የሚያሳዩት ወረቀት አጡ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ደረሰኝ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል፣ ተጠቀሙበት። ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን በእጃችሁ ያዙ፣ የየትኛው ሞዴል እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ ሲገጠም ከሥሩ ፎቶ አንሱ። ሻክሉ አሁን ወጥቷል፣ የተበየደው ቅጠል ተጥሏል፣ ጋሼ ጎማ እያፈላለጉ ነው።

ፒካፕ ያላችሁም አትዝናኑ። ያው ሰው አሁን «ለጭነትና ለኦፍሮድ» እያለ ባሌስትራና አክሱል መካከል የሚገባ ታኮ መሸጥ ጀምሯል። ባሌስትራው ከአክሱሉ በላይ የሆነ ፒካፕ ላይ ታኮው ኋላውን ያነሳል፣ እውነት ነው። ግን አክሱሉ ከባሌስትራው በራቀ ቁጥር የሚጠመዝዘው ጉልበት ይጨምራል፣ ዝላዩ ይብሳል። ከአክሱሉ በታች የሆነ ላይ ደግሞ ጭራሽ ኋላውን ዝቅ ያደርጋል፣ ከድጡ ወደ ማጡ። የፍሬን ቱቦውም ይደርስ እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ስጠይቀው ስልኩን ዘጋብኝ።