ፖስት ሲነሳ ይግባኙ ምን ያህል ይሠራል? ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ለባሕር ዳር አድሚን

ስለ ጣና እምቦጭ የሚጽፍ ፔጅ «ለማጨጃው ማሽን የወጣው ብር የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅና ፖስቱ በማግስቱ ቢነሳ፣ አድሚኑ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ያስነሳው ማን እንደሆነ ነው። ተመልካቾች ተረባርበው ሪፖርት አድርገውት ነው? የመድረኩ አውቶማቲክ ማጣሪያ ለቅሞት ነው? ወይስ አንድ መሥሪያ ቤት ጠይቆ? ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። ስለዚህ የሦስቱን መድረኮች የይግባኝ አገልግሎት የመዘንነው በፍጥነቱ ሳይሆን ይህን በግልጽ በመናገሩ ነው።

መጀመሪያ ሕጉ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ አንቀጽ 8 ላይ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሳ ይጠይቃል። ጥቆማው ከፍርድ ቤት ይምጣ አይልም፤ ለጽሑፉ ባለቤት ይነገረው አይልም። ትልቁ ቀዳዳ ይኼ ነው። ጀርመን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ 24 ሰዓቱ ሕገ ወጥነቱ በግልጽ ለሚታይ ጽሑፍ ነበር፤ ለሌላው 7 ቀን ተሰጥቶ ነበር። በኩባንያው ላይ ግን እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ ቅጣት ስለነበረ፣ «ከመቀጣት ማንሳት ይሻላል» ያሰኛል ተብሎ ብዙ ተተችቷል። የእኛ አዋጅ በኩባንያው ላይ ቅጣት አልጻፈም፤ ዱላው የሚያርፈው ጸሐፊው ላይ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር፣ አካውንቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ደግሞ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። 5,000 ተከታይ ለከተማ ወሬ ፔጅ ምንም አይደለም።

አንቀጽ 6 ላይ ግን አድሚኖች የሚረሱት መከላከያ አለ። ዜና፣ ትንታኔና የፖለቲካ ትችት፣ ጥናት፣ ኪነ ጥበብና ሃይማኖታዊ ትምህርት ከጥላቻ ንግግር ክልከላው ውጭ ናቸው፤ እውነትነቱን ለማጣራት እንደ ሁኔታው ተገቢ ጥረት የተደረገበት ንግግርም ሐሰተኛ መረጃ አይባልም። እንግዲህ ለማሽኑ ጥያቄ የጨረታ ማስታወቂያው፣ ማሽኑ የቆመበት ፎቶና ቢሮው የተጠየቀበት ቀንና ሰዓት ከፖስቱ በፊት አንድ ፎልደር ውስጥ ይግቡ። ከተነሳ በኋላ የሚለቀም ማስረጃ ተጣርቶ መጻፉን አያሳይም።

ፌስቡክ ከ5 ነጥብ 2.5 እንሰጠዋለን። ይግባኙን «አካውንት ስታተስ» ውስጥ ገብቶ የተነሳውን ፖስት በመምረጥ ማቅረብ ይቻላል፤ ለማብራሪያ የሚተወው ቦታ ግን እምብዛም ነው። ያስነሳውን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሊንኩን ውጭ አገር ላለ ዘመድ ላኩለት። እዚያ እየታየ እዚህ ከጠፋ፣ በአገር ሕግ ምክንያት የታገደ ነው፤ ከየትም ከጠፋ በኩባንያው መመሪያ ተነስቷል ማለት ነው። ችግሩ ሁለተኛው መልስ መንግሥትን ነፃ አያወጣም። የኦቨርሳይት ቦርድ (የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ ያቋቋመው፣ የኩባንያውን ውሳኔ በይግባኝ የሚያይ ገለልተኛ አካል) በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ፣ የለንደን ፖሊስ ጠይቆት ከኢንስታግራም የተነሳ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ የተመዘገበው በፌስቡክ መመሪያ እንደተነሳ ተደርጎ እንደነበር ታይቷል። ጉዳዩ በኩባንያው ውስጥ ወደ ላይኛው ክፍል ተመርቶ ስለተወሰነም ባለቤቱ ለቦርዱ ይግባኝ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። ለንደን ይህ ከሆነ፣ የእኛን አስቡት።

ኩባንያው እንቢ ካለና የማመሳከሪያ ቁጥር ከሰጠ ለቦርዱ ለማመልከት ያለው ጊዜ 15 ቀን ነው። እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያ ብዙ ሰው ያስታል፦ «ሜይ 10» ማለት ግንቦት 2 እንጂ ግንቦት 10 አይደለም፤ ስምንት ቀን እዚሁ ይበላል። ቦርዱ በ2021 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይግባኝ ደርሶት ያወጣው ውሳኔ 20 ብቻ ስለሆነ ተስፋችሁን እዚያ ላይ አትጣሉ። ከ20ዎቹ አንዱ ግን የአማርኛ ፖስት ነው፣ የራያ ቆቦ ጉዳይ። የፌስቡክ አውቶማቲክ ማጣሪያ ለቀመው፣ አማርኛ የሚችል ገምጋሚ አነሳው፣ ሁለተኛ ገምጋሚ አጸናው፣ ቦርዱ ጉዳዩን ሲመርጠው ሜታ «ተሳስተናል» ብሎ መለሰው፣ ቦርዱ ደግሞ መጀመሪያ መነሳቱ ልክ ነበር አለ። ምክንያቱ በጦርነት ጊዜ ያልተረጋገጠ ወሬ ይዞ የአንድ ብሔር ሲቪል ሰዎችን የወንጀል ተባባሪ ማድረጉ ነው። ለአድሚን ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የታጠቀውን ኃይል ከሕዝቡ ለዩ፣ ምንጩን ጻፉ። ጦርነት ባለበት ክልል ይህን የዘለለ ይግባኝ በሳንሱር ስም ቢጮኽም አይረታም።

ዩቲዩብ 3.5 ይገባዋል፤ ምክንያቱን ከሦስቱ የተሻለ ይናገራል። በመንግሥት ጥያቄ ከታገደ ቪዲዮው በዚህ አገር በሕጋዊ አቤቱታ እንደማይታይ ይጻፋል፣ ጉግልም የመንግሥታትን ጥያቄ በየአገሩ ያትማል። በመመሪያ ጥሰት ሲሆን መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ስትራይክ የሚባለው የቅጣት ምልክት ይመጣል፦ አንደኛው 1 ሳምንት፣ ሁለተኛው 2 ሳምንት አዲስ ቪዲዮ መጫን ይከለክላል፣ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሞላ ቻናሉ ይዘጋል። እውነተኛው አደጋ ግን የቅጂ መብት ክስ ነው። ፖለቲካ የሚያወራ ቻናልን ዝም ለማሰኘት ከስብሰባ የተቆረጠ 20 ሴኮንድ ምስል «የእኔ ነው» ማለት ከማንኛውም ሕግ ይቀላል። ተቃውሞ ስታስገቡ ከሳሹ በፍርድ ቤት ክስ መመሥረቱን በ10 የሥራ ቀን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል፤ ነገር ግን ቅጹ ላይ የሞላችሁት ሙሉ ስምና አድራሻ ለከሳሹ ይላካል። ስሙን ደብቆ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ ቅጹን እንዳይሞላ።

ቴሌግራም 1። ቻናል ሲታገድ አንድ መስመር መልእክት ብቻ ይታያል፤ እንደ ይግባኝ የሚቆጠር ሥርዓት የለውም። «ቴሌግራም ማንንም አሳልፎ አይሰጥም» የሚለው ወሬም አርጅቷል፦ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕጋዊ ጥያቄ የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ ለባለሥልጣናት ሊሰጥ እንደሚችል ራሱ ጽፏል። ጥሩ ጎኑ የቻናሉን ሙሉ ታሪክ ማውረድ መፍቀዱ ነው፤ ይህም የሚሠራው በኮምፒውተሩ ቴሌግራም እንጂ በስልኩ አይደለም። ፎቶና ቪዲዮ የበዛበትን ቻናል በሞባይል ዳታ ማውረድ ይከብዳል፣ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይፈልጋል።

«የተዘጋ ፔጅ እናስመልሳለን» የሚሉ ሰዎች ጋ ፓስዋርድና ወደ ስልክ የሚመጣውን ኮድ መስጠት ፔጁን ሁለተኛ ጊዜ ማጣት ነው። እነሱም የሚሞሉት ያንኑ ነፃ ቅጽ ነው። ነገሩ ወደ ክስ ካመራ ግን የሕግ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ያን ጊዜ በቅጽ መጨቃጨቅ ይቁም።

ቅጽ የሌለው መዘጋትም አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገር ደረጃ ታግደው አምስት ወር ያህል ቆይተዋል፤ ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። እንዲህ ሲሆን ማንም ፖስታችሁን «አነሳሁ» አይላችሁም፣ ይግባኝ የሚባልለትም የለም። ለዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ከክልሉ ውጭ የሚኖር፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሁለተኛ አድሚን ነው፤ የተነሱ ፖስቶች ስክሪንሹት፣ ሊንክና የማመሳከሪያ ቁጥር በየጊዜው ለእሱም ይላክለት።