የዘፈን ድርሻዬን ላስገኙልኝ ጋሼ

ባለፈው ሐሙስ የባንክ ሒሳቤ ውስጥ 212 ዶላር ከ37 ሳንቲም ገባ። ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ቢሸፍን ነው። ነገር ግን ከዘፈን ግጥም ያገኘሁት የመጀመሪያው ሮያሊቲ (ከሥራው ገቢ ለደራሲው የሚደርስ ድርሻ) ስለሆነ ደረሰኙን አትሜ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህን የምጽፈው ገንዘቡን ላስገኙልኝ ሰው ምስጋናዬን ለማቅረብና፣ እንደ እኔ ከፍቅረኛው ጋር ዘፈን ሠርቶ፣ አንዲት ወረቀት ሳይፈራረም ለተለያየ ሰው ለመጠቆም ነው።

ሰውየው የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው የታክሲ ሾፌሮችን ግብር ሲሠሩ ነው። ከጡረታ በፊት ግን በአንድ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ከ20 ዓመት በላይ የደራሲያንን ክፍያ ሲያሰሉ ኖረዋል። ይህንን እኔም ያወቅሁት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ከጎኔ የነበረች ሴት በሹክሹክታ ስለነገረችኝ ነው።

ከአንድ ድምፃዊ ጋር አራት ዓመት በፍቅር ኖረናል። አልተጋባንም። እሱ ዜማ ይሠራል፣ እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ሰባት ዘፈን አብረን ሠራን፤ አንዱን እናንተም ሠርግ ላይ ሳትጨፍሩበት አልቀራችሁም። ስንለያይ ዕቃ ተካፈልን፤ ጀበናው ለእኔ፣ ምንጣፉ ለእሱ። ስለ ዘፈኖቹ ግን አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። እኔ ባደግሁበት ልማድ ግጥም «ይሸጣል»፤ በካሴት ዘመን ገጣሚው ግጥሙን ለድምፃዊው ወይም ለሙዚቃ ቤቱ ሰጥቶ፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሄድ ነበር። ለፍቅረኛ ደግሞ ማን ይሸጣል? ከተለያየን ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ አንዲት ጓደኛዬ የዘፈኖቹን ምዝገባ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አሳየችኝ። በሰባቱም ላይ የግጥምና የዜማ ደራሲ ተብሎ የሰፈረው የእሱ ስም ብቻ ነው። መቶ በመቶ።

ወደ ጋሼ ቢሮ የሄድኩት ብሽቀት አንገቴ ደርሶ ነው። ቢሮው ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ላይ ስትደርሱ ለቁጣ የሚሆን ትንፋሽ አይተርፋችሁም። የተደረገብኝን ልዘረዝር ስጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ «ስምሽ እንደሌለበት ያወቅሽው መቼ ነው ልጄ?» አሉኝ። ከአሥር ቀን በፊት እንደሆነ ነገርኳቸው። «እሱስ ‹ዘፈኑ የእኔ ብቻ ነው› ብሎ በግልጽ የነገረሽ ቀን አለ?» የለም። እፎይ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ለካ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አብሮ የደረሰ ሰው ባለቤትነቱ በግልጽ ከተካደበት ጊዜ አንሥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ በሩ ይዘጋበታል።

ከዚያ ሁለት ሲኒ አመጡ። ቡና ሊቀዱልኝ መስሎኝ ነበር። ባዶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡና፣ «ይሄ ዘፈኑ ነው፤ ግጥምና ዜማው። ይሄኛው ደግሞ ቅጂው ነው፤ ስቱዲዮ የተቀረጸው ድምፅ» አሉኝ። አንድ ዘፈን በተደመጠ ቁጥር ገንዘብ በየሲኒው ሊንጠባጠብ ይችላል፤ ባለቤቶቻቸው ግን የተለያዩ ናቸው። ከቅጂው ሲኒ፣ ለምሳሌ ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለው ተቋም ከሳተላይትና ከኢንተርኔት ሬዲዮ የሚሰበስበውን 50 በመቶ ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶ ለአጃቢዎች ያካፍላል። «ከዚህ ጠብታ የለሽም፤ አትድከሚ» አሉ። በዘፈኑ ሲኒ ግን፣ ተዋህዶ አንድ ሥራ እንዲሆን አስበው የደከሙ ገጣሚና የዜማ ደራሲ በጽሑፍ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው እኩል ባለቤቶች ናቸው።

ጋሼ ሕግን የሚያስረዱት በታዋቂ ዘፋኞች ታሪክ ነው። የ«አባን» ነገር ሲያነሡ መጀመሪያ ስለ አንድ ቄስ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የስዊድኑን የሙዚቃ ቡድን ነው። ድምፃዊቷ አግኔታና ባሏ ቢዮርን መለያየታቸው የታወቀው በ1979 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1980 ቡድኑ ስለ ፍቺ የሚያወራ ዝነኛ ዘፈን አወጣ፤ የዘፈነችው እሷ ናት። በደራሲነት የተመዘገቡት ግን ቢዮርንና ጓደኛው ቤኒ ናቸው። ስለ ፍቺ በእሷ ድምፅ ተለቅሶ የደራሲው ገንዘብ ለቀድሞ ባሏና ለጓደኛው ይሄዳል፤ ለእሷ የሚደርሳት የድምፃዊ ድርሻዋ ነው። «እዚህ ሲኒ ውስጥ የሚገባው የጻፈ እንጂ ያለቀሰ አይደለም» አሉኝ።

እዚህ ላይ የኔን ስግብግብነት ልናዘዝ። የቀድሞው ሰው ከተለያየን በኋላ ሁለት አዳዲስ ዘፈኖች አውጥቷል፤ ሁለቱም ስለ እኔ ናቸው፤ አንዱማ ያደግሁበትን ሰፈር ሳይቀር ይጠራል። «ከእነዚህስ?» አልኳቸው። ጋሼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እንግሊዛዊቷ አዴል በ2008 የመጀመሪያ አልበሟን አውጥታ ዝነኛ ስትሆን፣ ለዘፈኖቿ ምክንያት የሆነው የቀድሞ ፍቅረኛዋ ከገቢው ድርሻ እንደጠየቃት ራሷ በቃለ መጠይቅ ተናግራለች። አልሰጠችውም። ያነሳሳ ሰው አይከፈለውም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ በሀገራችን ትዝታ ስንቷ ሴት ባለሕንፃ በሆነች ነበር። ሁለቱን ዘፈኖች ከዝርዝሩ ሰረዙልኝ።

እኔ የዚያኑ ዕለት የይገባኛል ማመልከቻ አስገብቼ ለማሳየት ነበር የፈለግሁት። ከለከሉኝ። ዋሽንግተን አካባቢ ባልኖር ኖሮ ይህንን ምክር ከየት አገኘው እንደነበር እንጃ። እዚህ ሀገር ከስትሪሚንግ (ሙዚቃ በኢንተርኔት ከማዳመጥ) የሚገኘውን የዘፈን ደራሲያን የመካኒካል ክፍያ፣ ማለትም ዘፈኑ በመባዛቱ ለደራሲው የሚከፈለውን፣ የሚሰበስብ ኤም ኤል ሲ የሚባል ተቋም አለ፤ በ2018 በወጣው የሙዚቃ ሕግ መሠረት ተቋቁሞ በ2021 ሥራ ጀመረ። ገና ሲጀምር የስትሪሚንግ ኩባንያዎቹ ባለቤቱ ያልታወቀ 424 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስረክበውታል፤ ስማቸውን ያላስመዘገቡ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ገንዘብ ማለት ነው። አባል መሆን በነፃ ነው። ችግሩ፣ እሱ መቶ በመቶ ባስመዘገበው ላይ እኔ ሃምሳ ብጨምርበት ድምሩ 150 ይሆናል፤ ከመቶ ሲያልፍ ደግሞ ክፍያው እስኪታረቅ ድረስ ይታገዳል። «እሱንም አንቺንም በረሃብ ትቀጫለሽ። መጀመሪያ ልጁን ላናግረው» አሉኝ።

ደወሉለት። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ከጤናው ጀመሩ፣ እናቱን ጠየቁ፣ ስለ ሥራው ጠየቁ፤ ሰባት ደቂቃ ያህል የእኔ ስም አልተነሣም። ከዚያ፣ «አንድ ያልተሞላ ፎርም አለ፤ መጥተህ ብትሞላልኝ» አሉት። ሰረቅህ አላሉትም። ፎርሙን ሳነበው፣ ሠራው ያልኩት ተንኮል ግማሹ ችኮላ እንደነበር ገባኝ፤ አልበሙን ለማውጣት በተጣደፈበት ሌሊት «ደራሲ» የሚለው ቦታ ላይ ስሙን ጽፎ አልፎታል።

ቅዳሜ ዕለት መጣ። ስድስቱ ዘፈኖች በሃያ ደቂቃ አለቁ። ሰባተኛው፣ የሠርጉ ዘፈን፣ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

መንገዱ ረዝሞ ቢደክም ጉልበቴ፣
አንቺ ነሽ ምርኩዜ እስክደርስ ከቤቴ።

እኔ ግጥሙ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው አልኩ። እሱ «ምርኩዜ» የሚለው ቃል የእሱ እንደሆነ ተከራከረ። ጋሼ የሁለታችንንም ስልክ ጠየቁ። የአራት ዓመት መልእክት ወደ ላይ ስንስብ፣ ያልነበሩ ሰዎች መስለን ስንሳሳቅ፣ ሽሮ ስንላላክ፣ የምንገባበት ጠፋን። በመጨረሻ ተገኘ፤ እኔ የላክሁት «አንቺ ነሽ ብርታቴ» ይላል፤ ከሥሩ የእሱ መልስ፦ «ምርኩዜ ብንለውስ?» አፈርኩ። ብርታት ማንም የሚለው ነው፤ ዘፈኑን ያቆመው ምርኩዙ ነው። ለአንዲት ቃል አምስት በመቶ ለቀቅሁ፤ ዜማው ጋር ተደምሮ ለእሱ 55፣ ለእኔ 45 ሆነ። ድርሻችን የተጻፈበትን ወረቀት ሁለታችንም ፈረምን።

ሊነሣ ሲል ጋሼ አስቀመጡትና ባልና ሚስት ሆነው አብረው ይዘፍኑ ስለነበሩት አሜሪካውያን፣ ስለ ሼርና ሶኒ ቦኖ ነገሩን። በ1975 ተፋቱ፤ በ1978 በንብረት ክፍፍል ስምምነታቸው ከዘፈኖቹ የሚገኘው ሮያሊቲ ግማሹ ለሼር እንዲሆን ተፈራረሙ። ሶኒ በ1998 በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ከዓመታት በኋላ ሚስቱ የነበረችው ሜሪ ቦኖ፣ ወራሾች የቆዩ የቅጂ መብቶችን እንዲያስመልሱ የሚፈቅደውን የአሜሪካ ሕግ ጠቅሳ የሼር ክፍያ ማብቃት አለበት አለች። ሼር በ2021 ከሰሰች፤ በ2024 የሎስ አንጀለስ የፌዴራል ዳኛ ለእሷ ፈረዱ። የዚያን ጊዜው የፍቺ ስምምነት ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ተሟገተላት። ጋሼ በእኛም ወረቀት ላይ «ለወራሾችም ይጸናል» የሚል መስመር ጨመሩና፣ በሕግ በኩል እንዲያየው አንድ ጠበቃ ዘንድ ላኩን። እሳቸው ጠበቃ እንዳልሆኑ በየግማሽ ሰዓቱ ያስታውሳሉ።

አንድ ነገር ቀረ፤ እኔ የምጽፈው በብዕር ስም ነው፤ ቤተሰቤ ዘፈን መጻፌን አያውቅም። ይህ ያስቸግር እንደሆነ ስጠይቃቸው አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ቴይለር ስዊፍትን አመጡ። በ2016 ከፍቅረኛዋ ከካልቪን ሃሪስ ጋር የጻፈችው ዘፈን ላይ የሰፈረችው ኒልስ ሾበርግ በሚል የወንድ ስም ነበር። ኋላ ደግሞ ፍቅረኛዋ ጆ አልዊን ዊሊያም ባወሪ በሚል ስም በ2020 በወጣው ‹ፎክሎር› አልበሟ ሁለት ዘፈን ላይ አብሯት ተመዝግቧል። በ2023 ተለያዩ፤ ስሙ ግን ከደራሲነት አልተፋቀም። ምዝገባው ከሕጋዊ ማንነቴ ጋር እስከተያያዘ ድረስ የብዕር ስሜ ሊሸፍነኝ ይችላል።

ከቢሮው ስወጣ ደረጃው ላይ ሆነው የተናገሩትን ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም። ፍሊትውድ ማክ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ድምፃዊት ስቲቪ ኒክስ ሜሪላንድ ውስጥ በመኪና ስታልፍ የኛኑ ከተማ ስም የመንገድ ምልክት ላይ አይታ ወደደችው፤ ከባልደረባዋ ከሊንድሴ በኪንግሃም ጋር ስለመለያየቷ የጻፈችውንም ዘፈን ‹ሲልቨር ስፕሪንግስ› አለችው። በ1977 ከወጣው አልበማቸው ግን ተቆርጦ ቀረ፤ አልበሙ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠ ነውና መቆረጡ ምን ያህል እንዳከሰራት አስቡት። ዘፈኑ የወጣው ከሸክላ ጀርባ ነው፤ ከፊት ያለው እሱ ስለ እሷ የጻፈው ነበር። ያንን የጀርባ ዘፈን ገቢ ለእናቷ ሰጥታ ነበር። ጋሼ ይህን ነግረውኝ፣ «ለሸክላ ሽያጭ ጀርባውም ከፊቱ እኩል ይከፈለዋል» ብለው በራቸውን ዘጉ።

ለሰባቱ ዘፈን ያስከፈሉኝ 180 ዶላር ነው። ማለትም እስካሁን ያተረፍሁት 32 ዶላር ከ37 ሳንቲም። ለጠበቃው የከፈልነው ለብቻው ነው፤ እሱንም እኩል ተካፍለናል። ጉድለታቸውን ካልነገርኳችሁ ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም፦ ኢሜይል አይመልሱም፣ ወሬ ያበዛሉ፣ ትንባሆ ባይጠጡም ክፍሉ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው፣ ተበዳይ ነኝ ብላችሁ ብታለቅሱ አያባብሉም። ሌላ ከተማ ያላችሁትን በስልክ ያስተናግዳሉ። ስትሄዱ የድሮ ደብተራችሁንና ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የተጣላችሁ ዕለት በንዴት መልእክቶቹን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ከሆነ ግን ጋሼም ብዙ አይረዷችሁም።

ስማቸውንና ቁጥራቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ። ከኤፕሪል 15 በፊት ግን አትደውሉላቸው፤ የግብር ወቅት ስለሆነ ስልክ አያነሡም።