የማርቆሱ የፋርማኮሎጂ መምህራችን፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስ እህል በረንዳ የሚውል ነጋዴ ስለ ሕክምና ትምህርት ምን አገባው እንዳትሉኝ። ታናሽ እህቴ ሕክምና ተማሪ ናት። ልጁን ሕክምና የላከ ቤተሰብ ደግሞ አብሮ ነው የሚማረው፤ ውጤት ሲለጠፍም አብሮ ነው የሚታመመው።

ጉዳዩ ፋርማኮሎጂ፣ የመድኃኒት ትምህርት ነው። ፒሲ ቱ (ሆስፒታል ሳይወጡ ክፍል የሚማሩበት ሁለተኛው ዓመት) እያለች ይሄ ትምህርት ቁም ስቅሏን አሳያት። ሰነፍ ልጅ አይደለችም፤ አናቶሚን ያለችግር ነው ያለፈችው። ፋርማኮሎጂ ላይ ግን የመድኃኒቱ ስም እርስ በርሱ ይመሳሰልባታል። ማታ የሸመደደችው ጠዋት የለም። በመጨረሻ ወድቃ ሪ-ኤግዛም (ድጋሚ ፈተና) ተባለች። እሱ ላይም ከተወደቀ ምን እንደሚመጣ ሕክምና የሚማር ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ምሬቴን ልተንፍስ። መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ «ሙሉ ሪቪዥን፣ ማለፍ የተረጋገጠ» የሚል አገኘንና ብር አስገባን። የመጣልን በስልክ ፎቶ የተነሳ ስላይድ ነው። ግማሹ አይነበብም። ጥያቄ ስትጠይቅ «ስላይዱ ላይ አለ» ይሏታል። በመሃል ኔት ጠፋ። ኔት ሲመለስ ቻናሉ የለም። ብራችንም በዚያው ቀረ።

ቀጥሎ በአካል የሚሰጥ ቲቶሪያል ገባች። መቀመጫ ያጣ ቆሞ ነው የሚማረው። አስተማሪው ስላይዱን ያነባል፣ ይወጣል። አንድ ቀን እጇን አውጥታ «አልገባኝም» አለች። «ይሄ ያልገባው ሰው ሕክምና ምን ሊሠራ መጣ?» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ያን ቀን ቤት ገብታ ምሳ አልቀመሰችም። ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች፤ «ልተወው ጋሼ፣ ሱቅ አብሬህ ልሥራ» አለችኝ። ስማቸውን አልጠራም። ገንዘብ ተቀብሎ ልጅ ማዋረድ ግን ምን ይባላል? እስኪ እናንተው ፍረዱ።

መምህራችንን የጠቆመኝ ጤፍ ሊገዛ የመጣ ደንበኛዬ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ለብዙ ዓመት በፋርማሲስትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት፣ እዚሁ ማርቆስ፣ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ተማሪ ያስጠናሉ። ስሜን እንዳትጽፍ ብለው ስላስማሉኝ «መምህራችን» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አብሬያት ሄድኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ፊት ለፊት ሳላያቸው ብር ላለመክፈል ቆርጫለሁ። ስለ ብር ግን አላነሱም። እህቴን ብቻ «ቤታችሁ መድኃኒት አለ?» አሏት።

«አለ ጋሼ።»

«የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ፌስታል ውስጥ።»

«እንግዲያው ነገ ፌስታሉን ይዘሽ ነይ። ደብተርሽን ተዪው።»

በማግስቱ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ሁላችሁም ቤት ያለው ዓይነት ነው። ተጀምሮ የተተወ አሞክሳሲሊን፣ አፉ የደረቀ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት፣ ፓራሲታሞል፣ የእናታችን የግፊት መድኃኒቶች። አንድ በአንድ እያነሱ «ይሄ ምን ይሠራል? ለማን ነው? ስንት ቀን ተወሰደ?» ይሏታል። ስትሳሳት አይቆጡም። «ቆይ፣ እንደገና እንየው» ነው የሚሉት።

ከዚያ ሦስቱን ለይተው ጎን ለጎን አስቀመጡ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉት የግፊት መድኃኒቶች፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ።

«እነዚህ ሦስቱ የአንድ ሰው ናቸው?»

«አዎ፣ የእናቴ ናቸው።»

«ዳይክሎፌናኩን ማን አዘዘላት?»

«ማንም። ጉልበቷን ሲያማት ራሷ ነው የምትገዛው።»

«በየስንት ጊዜው?»

«አሁን አሁን በየቀኑ ነው።»

ወረቀት ሳቡና ኩላሊት ሳሉ። ደም የሚገባበት ቀጭን ቧንቧ በዚህ፣ የሚወጣበት በዚያ። እስክሪብቶውን ለእህቴ ሰጧት። «ዳይክሎፌናክ የቱን ያጠባል?» አሰበችና መግቢያውን አሰመረችበት። «ኢናላፕሪልስ የቱን ያሰፋል?» መውጫውን። «ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ውሃውን ያስወጣል። እንግዲህ ኩላሊቱ ውስጥ ያለው ግፊት ምን ይሆናል?»

እህቴ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። «ጋሼ፣ እማዬ!» አለች።

እኔ ነገሩ እስካሁንም በደንብ አልገባኝም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊት ላይ እንደሚረባረቡ ግን ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይሄን ጽሁፍ ያስጻፈኝ። መምህራችን ትምህርቱን አቆሙ። ረጋ ብለው «አትደንግጪ ልጄ። የግፊት መድኃኒቷን በራሳችሁ እንዳታስቆሟት። ዳይክሎፌናኩን ግን ከዛሬ ጀምሮ ትተወው፤ ነገ ሐኪሟ ጋር ውሰዷትና ኩላሊቷ ይታይ» አሉ። የምትወስዳቸውን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ለሐኪሟ ላኩ። በማግስቱ ማታ ራሳቸው ደወሉ። «ሄደች ወይ? ምን አሉ?» ገና አንድ ብር አልከፈልናቸውም እኮ!

ምርመራው ላይ ክሬቲኒን የሚባለው የኩላሊት መለኪያ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዳይክሎፌናኩ ከቀረ በኋላ ወደ ደህናው ተመለሰ። ሐኪሟ ደግሞ «ደረቅ ሳል አለብሽ ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። እኛ ዳማከሴ ስንጨምቅላት፣ ዝንጅብል ስናፈላላት የከረምነው ሳል ከኢናላፕሪሉ ኖሯል። መድኃኒቱ በሌላ ተቀየረ፤ ሳሉ ቀስ በቀስ ጠፋ። እናቴ አሁን መምህራችንን «የኔ ሐኪም» ነው የምትላቸው። «እትዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» ቢሏትም አትሰማም።

የመርዝ ክፍሉን ሲያስተምሩ ደግሞ እኔንም አልማሩኝም። ልጅቷን ልወስድ ቆሜ ስጠብቅ «አንተ ነጋዴው፣ ና ተቀመጥ» አሉኝ። «የነቀዝ ክኒን እንዴት ነው የምትጠቀመው?» የማውቀውን ተናገርኩ፤ እህሉ መሃል ይገባል፣ ይታፈናል፣ መጋዘኑ ውስጥ ሰው አይተኛም። ተማሪው ሁሉ ይጽፋል! ቀጥለው እሳቸው አስረዱ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለው እሱ ነው። ሰው ሲውጠውም ሆድ ውስጥ ያው ጋዝ ይወጣል። «ማርከሻው ምንድን ነው?» አሉ። አንዱ አትሮፒን አለ፣ ሌላው ሌላ። «የለውም» አሉ መምህራችን። «ያላችሁ ደም ግፊቱን፣ ልቡን፣ ትንፋሹን መደገፍ ብቻ ነው።» ያን ቀን ሱቄ ገብቼ የክኒኑን ቆርቆሮ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት።

እንዲህ ነው የሚያስተምሩት። ከአገራችን ነገር ይነሳሉ። ገበሬው የሚረጨው ፀረ ተባይ የመረዘው ሰው ሲነሳ አትሮፒን የሚባለው ማርከሻ የሚጨመረው የዓይን ብሌን እስኪሰፋ ሳይሆን ደረት ውስጥ ያለው ፈሳሽ እስኪደርቅ መሆኑን ደጋግመው ያስይዛሉ፤ ፈተና ላይ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው አሉ። ጓያ ሲነሳ እግር የሚያሽመደምደው እንፋሎቱ እንዳልሆነ፣ ለወራት እሱን ዋና ምግብ አድርጎ መብላት እንደሆነ ነገሩን። እኛ እኮ እንፋሎቱ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበት መጠጥ ለመረዘው ሰው ሐኪም ቤት ደህናው አልኮል ራሱ ማርከሻ ሆኖ ሊሰጥ እንደሚችልም ሰማሁ። ጎረቤቴ ይሄን እንዳይሰማ፤ ሰበብ ነው የሚፈልገው።

አንድ ሕግ አላቸው። የተማርሽውን ማታ ለእናትሽ በአማርኛ ንገሪያት፤ እሷ ከገባት አንቺም ገብቶሻል ይላሉ። ቤታችን ማታ ማታ ክፍል ሆኖ ከረመ። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው የመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ ጉበቱ በኋላ እንደሚጎዳ፣ ማርከሻው ደግሞ ከወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር እጅግ እንደሚሻል እናቴ ዛሬ ለጎረቤት ታስተምራለች። ቡና ላይ ሌላ ወሬ የለም።

እህቴ አለፈች። አሁን ሆስፒታል አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ናት፤ የሕመምተኛ ፌስታል ሳታይ አታልፍም። እናቴ ውጤቱን ስትሰማ እልልታዋ መንገድ ድረስ ተሰማ። መምህራችን ስንነግራቸው «ድሮስ ልጅቱ ምን አጥታ» ብቻ ነው ያሉት።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ነርሲንግ የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ማርቆስ ያላችሁም፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን የምትመጡም፣ እሳቸው ጋ ላኩ። ኳል (የብቃት ማረጋገጫ) ፈተና የምትጠብቁ ተማሪዎችም ሂዱ። ዋጋቸው የሚከብድ አይደለም፤ ከገጠር መጥቶ ለተቸገረ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይቀበሉም። ደግሜ እላለሁ፣ ላኩ። ልጃችሁን የሚያዋርድ ሰው አይደሉም። «ማለፍ የተረጋገጠ» የሚል ማስታወቂያም የላቸውም፤ ማስታወቂያቸው እኔ ነኝ።

ሳሎናቸው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ጥቂት ተማሪ ነው የሚይዙት፤ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያቸው እሰጣችኋለሁ። እሑድ ጠዋት ብቻ አትደውሉ፤ ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ አያነሱም።